የማይበላውን ማደን

ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የእስራኤሏ ከተማ የሐዴራ ባሕር ዳርቻ የልጆች ይሆናል። ከጊቫት ኦልጋ ሠፈር ቁልቁል የሚወርዱት ወላጆች ጥላና ምንጣፍ፣ ሐብሐብና ውኃ ይሸከማሉ። ልጆቹ የሚይዙት ባልዲ፣ እጀታ ያለው ትንሽ መረብና የእጅ ባትሪ ነው። ባትሪው ለሸርጣን ነው። ቀኑን ጉድጓዱ ውስጥ የዋለው የአሸዋ ሸርጣን ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥቶ ወደ ውኃው ጠርዝ ይሮጣል፤ ልጆቹም ይከተሉታል። ብርሃን ሲያርፍበት ለአፍታ ፈዞ ይቆማል፤ የሚያዘውም ያን ጊዜ ነው።

ጨዋታው ደስ ይላል። ልጅ ከስልኩ ላይ ዓይኑን አንሥቶ፣ ባዶ እግሩን አሸዋ ላይ ሮጦ፣ በሕይወት ወዳለ ፍጥረት ሲጠጋ ማየት የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። እኔን የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተያዙት ሸርጣኖች ባልዲ ውስጥ ተደራርበው ያድራሉ፤ አንዳንዱ እግሩ ተነቅሏል፣ አንዳንዱ ጥፍሩ ተሰብሯል። ቤተሰቡ ምንጣፉን ጠቅልሎ ሲሄድ ባልዲው መሬት ላይ ይደፋል፣ ወይም እንዳለ ይቀራል። ማንም አይበላቸውም። ለዓሣ ማጥመጃ እንኳ የሚወስዳቸው የለም።

የምንይዘው ምን እንደሆነ እንወቅ። ይህ ሸርጣን በአፍሪካ የአትላንቲክ ጠረፍና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አሸዋ ላይ የሚኖር ነው። የጀርባው ልባስ ከስድስት ሴንቲ ሜትር አይዘልም፤ ጉድጓዱን ግን እንደዚያ ያለ ትንሽ ፍጥረት ይቆፍረዋል ተብሎ ከማይታመን ጥልቀት ያደርሰዋል። የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በስንጥብ ስለሆነ ስንጥቡ ዘወትር እርጥብ መሆን አለበት። እየደጋገመ ወደ ማዕበሉ የሚወርደውም ለዚህ ነው። ደረቅ ባልዲ ውስጥ ከቆየ ታፍኖ ይሞታል፤ ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ብዙ ካቆዩትም እንዲሁ ይታፈናል፣ ኑሮው በየብስና በባሕር መካከል ነውና። ሴቷ እንቁላሏን ሆዷ ሥር ይዛ ቆይታ ወደ ባሕር ወርዳ ትለቃለች። በዚያ መንገድ ላይ የተያዘች አንዲት እናት ስንት ሺህ ልጆች ይዛ እንደምትቀር አስቡት። ማዕበል የተፋውን የሞተ ዓሣ እየበላ ዳርቻችንን የሚያጸዳውም እርሱ ነው። ተመራማሪዎች አንድ ዳርቻ በሰው እግርና በመኪና ጎማ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማወቅ ሲፈልጉ የሸርጣኑን ጉድጓዶች ይቆጥራሉ።

አሁን ስለ እኛ ስለ ኢትዮጵያ አይሁድ ልናገር፤ ከወገራ፣ ከደምቢያ፣ ከሰሜን፣ ከትግራይ መጥተን በዚህች ከተማ ስለኖርነው። ኦሪት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት እንዳንበላ ከልክላለች። ይህን ሕግ አባቶቻችን ባሕር ሳያዩ ጠብቀውታል፤ በአገር ቤት የሚኖሩ ክርስቲያን ወገኖቻችንም ሸርጣን ወደ አፋቸው አያደርሱም። ችግሩ በልባችን ውስጥ ሳናውቀው የጨመርነው ነገር ነው። ስለማይበላ ሕይወቱም ዋጋ የለውም ብለን እናስባለን። ልጁ ሸርጣኑን ሲያሰቃይ አያቱ «ተወው፣ ርኩስ ነው፣ አትንካው!» ይሉታል። ልጁ ከዚህ የሚሰማው የእጁን ማደፍ እንጂ የሸርጣኑን ሥቃይ አይደለም።

ያችው ኦሪት ግን እህል የሚያበራየውን በሬ አፉን እንዳናስር ታዛለች። የጠላታችን አህያ እንኳ ከጭነቱ ሥር ወድቆ ብናይ እንድናነሣው፣ ጎጆዋ ላይ የተቀመጠችን ወፍ ከጫጩቶቿ ጋር እንዳንወስድ ታዛለች። በሰንበት በሬውም አህያውም ያርፋሉ። አህያም አይበላም፤ ሸክሙ ግን ይገደናል። የአይሁድ ሊቃውንት ከእነዚህ ትእዛዞች ተነሥተው ሕይወት ያለውን ፍጥረት በከንቱ ማሰቃየት ክልክል መሆኑን አስተምረዋል። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ከመጽሐፍም በፊት ከአውድማ ያውቁታል። በልጅነቱ እረኛ ያልነበረ አባት በመካከላቸው ማግኘት ያስቸግራል፤ ከብት ያለ ምክንያት የመታ እረኛ በመንደሩ ሁሉ እንደሚገሠጽ ይነግሩናል። ያ እውቀት እ.ኤ.አ. በ1984ም በ1991ም ወደ እስራኤል ባመጣቸው አውሮፕላን አብሯቸው መጥቷል። ከኦልጋ ቁልቁለት ሲደርስ ግን ጥላው ሥር ተቀምጦ ይቀራል፤ ወደ ውኃው የሚወርዱት ልጆቹ ብቻ ናቸው።

ማጥመድን ሁሉ አልቃወምም። በሐዴራ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ጥለው ሰማያዊውን ሸርጣን ለምግብ የሚይዙ ጎረቤቶች አሉን፤ እነርሱ የሚይዙትን ያውቃሉ፣ የያዙትንም ይበላሉ። ይህ ሸርጣን የዚህ ባሕር ተወላጅ አይደለም። የስዌዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ በኋላ ከቀይ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሲሆን በሜዲትራኒያን መታየቱ የተመዘገበው በ1898 በግብፅ ጠረፍ ነው። በቱኒዚያ ከዐሥር ዓመት በፊት በድንገት በዝቶ መረብ እየቆረጠ፣ ዓሣ እየበላ ሲያስቸግር ዓሣ አጥማጆቹ ከምሬታቸው የተነሣ በአሸባሪው ቡድን ስም «ዳኢሽ» ብለው ጠሩት። በኋላ ግን ለውጭ ገበያ የሚልኩት ሸቀጥ ሆነላቸው። እንዲህ ያለውን እንግዳ ቁጥሩን ቀንሶ መብላት ለባሕሩም ለሰውም ይጠቅማል። የአሸዋው ሸርጣን ግን ባለቤት ነው፤ ልጆቻችን ሁለቱን ለይተው አያውቁም፣ የነገራቸውም የለም።

ነገሩ ከሸርጣን ይሰፋል። በዚሁ ወንዝ አፍ አጠገብ የኦሮት ራቢን የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ። ለማቀዝቀዣ ከባሕር የሚወስደውን ውኃ ሞቅ አድርጎ ይመልሰዋል፤ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ሻርኮች ሙቀቱን ፍለጋ ይሰበሰባሉ። ለዓመታት ሰዎች እነዚህን ሻርኮች ዓሣ እየወረወሩ ሲያበሉ፣ ክንፋቸውን ሲጎትቱ፣ ከመካከላቸው ሲዋኙ ቪዲዮ እየቀረጹ ተለዋውጠዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 አንድ ዋናተኛ እዚያው በሻርክ ተነክሶ ሞተ። ሟቹን ለመውቀስ አላነሣሁትም፤ ነፍሱን ይማር፣ ቤተሰቡንም ያጽናና። ያነሣሁት ከሐዘኑ በፊት የነበረውን የሁላችንን ልማድ ለማሳየት ነው። ሕይወት ያለው ፍጥረት የእኛ መጫወቻ ነው ብሎ ያደገ ልጅ፣ ሲጎለምስ ሸርጣኑን ትቶ ወደ ሻርኩ ቢሄድ ምን ይገርማል?

ሐዴራ የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። መሥራቾቿን ያስለቀሳቸው ወባ ነበር፤ ረግረጉን እስኪያደርቁት ድረስ ብዙ ሬሳ ቀብረዋል። ስለዚህ በዚህች ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የመታገልና የማሸነፍ ታሪክ ሆኖ ተነግሯል። ግን ሌላም ታሪክ አለን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ሬንጅ ከሰሜን እስከ ደቡብ የአገሪቱን ዳርቻ ባለበሰው ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጓንት አድርገው ወጡ፤ ጥቁሩን ከአሸዋው ላይ በእጃቸው ለቀሙ፣ የባሕር ዔሊዎችን አነሡ። ከሐዴራ ትንሽ ወደ ደቡብ በሚገኘው በሚኽሞረት የባሕር ዔሊ ማገገሚያ ማዕከልም ሕክምናው ቀጠለ። ያን ጊዜ ማንም ዔሊው ይበላል ወይስ አይበላም ብሎ አልጠየቀም። በአደጋ ጊዜ የነበረን ርኅራኄ በዕረፍት ጊዜ ለምን ይጠፋል?

የምለምነው ብዙ አይደለም። ሸርጣን ማየት የሚፈልግ ልጅ ይይ። እጁን በባሕር ውኃ አርጥቦ፣ ከኋላ በኩል ጀርባውን በቀስታ ይያዘው፤ እግሩን ግን አይጎትት። ባልዲ ውስጥ ካስገባውም እርጥብ አሸዋ ይኑርበት፣ አንድ ሸርጣን ብቻ ይሁን፣ ጥቂት ደቂቃ አይቶ ካገኘበት ቦታ ይመልሰው። ሆዷ ሥር እንቁላል ያላት ጨርሶ አትነካ። በበጋ ሌሊት የባሕር ዔሊዎች እንቁላል ለመጣል ወደ አሸዋው ስለሚወጡ ባትሪውም ልክ ይኑረው፤ ከእንቁላላቸው የሚወጡት ግልገሎች ብርሃን ተከትለው መንገድ ይስታሉ። የዔሊ ዱካ ወይም የተጎዳ እንስሳ ያየ ሰው በኮከብ 3639 ለተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ይደውል። በአሸዋው ላይ መኪና መንዳት በሕግ የተከለከለ መሆኑንም ለጎረቤት መንገር ነውር የለውም።

አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ከጥላው ሥር ተነሡልን። የልጅ ልጃችሁ ዕብራይስጥ ይናገራል፣ እናንተ አማርኛ ወይም ትግርኛ፤ ሸርጣን ፊት ግን ብዙ ቃል አያስፈልግም። ተንበርክካችሁ ጉድጓዱን አሳዩት፣ እስኪወጣ ዝም ብሎ መጠበቅን አስተምሩት። ከብት ስትጠብቁ የዋላችሁበት ትዕግሥት እዚህ ያስፈልጋል፤ ከእናንተ በቀር የሚያስተምረው የለም።

ከተማው ደግሞ ከኦልጋ ወደ ባሕሩ በሚያወርደው መንገድ ላይ አንድ ሰሌዳ ያቁም፤ የአሸዋውን ሸርጣን ሥዕል ይዞ እንዴት እንደሚያዝና እንዴት እንደሚመለስ በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛ፣ በሩሲያኛና በአማርኛ ይንገር። ልጆች እንዲያነቡት ዝቅ ብሎ ይሰቀል። የአማርኛውን ጽሑፍ ያለ ክፍያ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ፤ ሽማግሌዎቻችን ተሰብስበው ካረሙልኝ በኋላ የሚቀጥለው የትምህርት ዕረፍት ሳይገባ ለከተማው ምክር ቤት ማስረከብ እንችላለን።