ያልተፈለፈለው እንቁላል ዕዳው የማን ነው?

በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተትን፣ ማርን፣ ዶሮንና እንቁላልን የየቤቱ ጉዳይ አደርጋለሁ ብሎ ከተነሳ ወዲህ፣ ስለ ዶሮ እርባታ የምንሰማው ሁሉ በቁጥር የተሞላ ሆኗል፡፡ ይህን ያህል ጫጩት ተሰራጨ፣ ይህን ያህል ወጣት ተደራጀ ይባላል፡፡ ቁጥሩ ባልከፋ፡፡ ነገር ግን ከጫጩቱ በፊት እንቁላል አለ፡፡ ለምግብ ሳይሆን ለመፈልፈል ተብሎ የሚሸጥ፣ ከከተማ ከተማ በአውቶቡስና በአይሱዙ የሚጓዝ እንቁላል፡፡ ስለዚህኛው እንቁላል ሲወራ ግን እምብዛም አይሰማም፡፡

ግብይቱ ሲታይ ቀላል ይመስላል፡፡ ሥራ ያጣ ወጣት ተበድሮ አነስተኛ የመፈልፈያ ማሽን ይገዛል እንበል፡፡ ቢሾፍቱ ካለ አርቢ በስልክ 100 እንቁላል ያዝዛል፤ ገንዘቡንም አስቀድሞ ይልካል፡፡ እንቁላሉ በካርቶን ታሽጎ ለሾፌር ይሰጥና በማግስቱ ድሬዳዋ ይደርሳል፡፡ ከ21 ቀን በኋላ ከመቶው 40 ጫጩት ብቻ ይወጣል፡፡ ገዢው “አውራ ያላየ እንቁላል ነው የሸጥክልኝ” ይላል፡፡ ሻጩ “የገደለው ማሽንህ ነው” ብሎ ይመልሳል፡፡ ሾፌሩን የሚጠይቀው የለም፡፡ ጠቡ በዚሁ ያበቃል፤ ኪሳራው ግን ገዢው ላይ ይቀራል፡፡

ኪሳራው ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፡፡ አንዱ እንቁላል 20 ብር ነው ብንል፣ መቶው 2,000 ብር ይሆናል፡፡ 80 ቢፈለፈል የአንዱ ጫጩት የእንቁላል ወጪ 25 ብር ነው፡፡ 40 ቢፈለፈል 50 ብር ይደርሳል፡፡ መብራቱ፣ ድካሙና የብድሩ ወለድ ገና አልተቆጠሩም፡፡ በአነስተኛ ካፒታል የጀመረ ሰው ሁለት ጊዜ እንዲህ ከገጠመው ማሽኑን ለሽያጭ ያወጣዋል፡፡

ልማዳችን ለዚህ ዓይነቱ ግብይት ደንብ ያላበጀው ወዶ አይደለም፤ ስላላስፈለገው ነው፡፡ ትንሿ የአገራችን ዶሮ 10 ወይም 12 እንቁላል ታቅፋ ከአሥሩ ሰባት ስምንቱን ትፈለፍላለች፡፡ እንቁላሉ ከጎረቤት ቢመጣም በጭድ ተይዞ በእጅ ነው የሚመጣው፡፡ ዘር ያለው መሆኑንም ማንም አይጠራጠርም፤ የባለቤቱ አውራ ዶሮ ሌሊት ሲጮህ የሰማው ሠፈሩ ሁሉ ነውና፡፡ ዛሬ ግን ሻጭና ገዢ አይተዋወቁም፡፡ በመካከላቸው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ የአዋሽ ሙቀትም አለ፡፡

የሚፈለፈል እንቁላል ከሌላ ሸቀጥ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፡፡ ለምግብ የተገዛ እንቁላል መበላሸቱ መጥበሻ ላይ ሲሰበር ይታወቃል፡፡ ለመፈልፈል የተገዛው ግን ፅንሱ በመንገድ ላይ ቢሞትም መልኩ አይለወጥም፡፡ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ ጫጩቶች በፖስታ ቤት መኪና ውስጥ ለሦስት ቀን ተረስተው፣ ወደ 4 ሺህ ያህሉ ሞተው ተገኝተዋል፡፡ ዓለም ጉድ ያለው ሬሳው ስለታየ ነው፡፡ እንቁላል ቢሆን ኖሮ ካርቶኑ በሰላም ደረሰ ተብሎ ይፈረምበት ነበር፡፡

አሜሪካን ካነሳን፣ በዚያ አገር ጫጩትን በፖስታ መላክ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው፡፡ አንድ ቀን የሞላው ጫጩት ሆዱ ውስጥ በቀረው አስኳል ለሦስት ቀን ያህል ያለ ምግብና ውኃ መቆየት ስለሚችል ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ከእናት ወደ ጫጩት በእንቁላል የሚተላለፈውን ፑሎረም የተባለ በሽታ ለመቆጣጠር ብሔራዊ የዶሮ ማሻሻያ ዕቅድ ተዘረጋ፡፡ አባልነቱ በፈቃደኝነት ነው፤ ይሁን እንጂ የሚፈለፈል እንቁላል ከግዛት ግዛት ሲሻገር አብዛኞቹ ግዛቶች የዚህን ዕቅድ ወይም ተመጣጣኝ የጤና ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፡፡ ባንታም የሚባሉትን ድንክ ዶሮዎች የሚያረቡ ሰዎችም እንቁላላቸውን በፖስታ ይሸጣሉ፡፡ ብዙዎቹ ታዲያ “መንጋዬ ውስጥ ለምነቱ ይህን ያህል ነው፤ ተጉዞ ለደረሰ እንቁላል ግን የመፈልፈል ዋስትና አልሰጥም” ብለው አስቀድመው ያስታውቃሉ፡፡ ገዢው ግማሹ ቢፈለፈል ደግ ነው ብሎ፣ አውቆ ይገዛል፡፡ ስጋቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከግዢው በፊት ተነግሯል፡፡

የእኛ ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ዝም ያለ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል፡፡ ጉድለት መኖሩ የሚመዘነው የጉዳት ኃላፊነቱ ወደ ገዢው በተላለፈበት ጊዜ ነገሩ የነበረበት ሁኔታ እየታየ ነው፡፡ ገዢም በበኩሉ የተረከበውን ነገር ሳይዘገይ መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ወዲያው ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፡፡ ከሁሉ በላይ ደግሞ ግዴታ አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የማስረዳት ሸክሙን ይሸከማል፡፡

እንግዲህ ችግሩ የሕግ አይደለም፤ የማስረጃ ነው፡፡ በ21ኛው ቀን ያልተፈለፈለ እንቁላል ይዞ የሚመጣ ገዢ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት አይችልም፡፡ ዘር አልነበረውም? መንገድ ላይ ተናጠ? መብራት ጠፋ? ሁሉም ሊሆን ይችላል፡፡ ሁሉም ሊሆን የሚችል ነገር ደግሞ ዳኛ ፊት ምንም አይደለም፡፡

ደስ የሚለው፣ እንቁላሉ ራሱ ምስክርነቱን በሦስት ጊዜ ከፋፍሎ ይሰጣል፡፡ የመጀመሪያው በደረሰበት ቀን ነው፡፡ በጨለማ ክፍል ውስጥ በእጅ ባትሪ ሲታይ በሰፊው ጫፍ በኩል ያለው የአየር ኪስ ከቦታው ተላቆ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ እንቁላሉ ክፉኛ ተንገላቷል ማለት ነው፡፡ የተሰነጠቀውም ያኔ ይለያል፡፡ ይህ በአጓጓዡና በአስተሻሸጉ ላይ የሚቆጠር ነው፡፡

ሁለተኛው ምስክርነት በሰባተኛው ቀን ይመጣል፡፡ ፅንስ የያዘው እንቁላል በብርሃን ሲታይ የደም ሥሩ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ይገኛል፡፡ ባዶ ሆኖ የታየው ተሰብሮ መመርመር አለበት፡፡ አስኳሉ ላይ ጥቅጥቅ ያለች ትንሽ ነጭ ነጥብ ብቻ ካለች ዘር አልነበረውም፤ ይህ የሻጩ ነው፡፡ ቀለበት የሚመስል ምልክት ወይም የደም ክብ ካለ ግን ዘር ነበረው፤ በኋላ ነው የሞተው፡፡ ሦስተኛው በ21ኛው ቀን ነው፡፡ አድጎ አድጎ ቅርፊቱ ውስጥ የሞተ ጫጩት በአመዛኙ የሙቀቱን፣ የእርጥበቱን ወይም የአገላበጡን ጉድለት ያመለክታል፡፡ ይህ ብዙውን ጊዜ የገዢው ድርሻ ነው፡፡

ሻጮች “ለሰው ማሽን እንዴት ዋስ እንሆናለን?” ማለታቸው እውነት አለው፡፡ ማሽኑ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ካልጠበቀ የማንም እንቁላል አይፈለፈልም፡፡ ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው፡፡ ደብረ ብርሃንን በመሰለ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ኦክስጅኑ ስለሚሳሳና እንቁላሉ ውኃ ቶሎ ስለሚያጣ፣ ቆላ የተፈለፈለውን ያህል ላይፈለፈል ይችላል፡፡ ይህን ሁሉ በሻጩ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም፡፡ ሻጭ ለዘሩ ዋስ ይሁን፤ አጓጓዥ ለመንገዱ፤ ገዢ ለማሽኑ፡፡ እያንዳንዱ በእጁ ላለው ነገር ይጠየቅ ማለት ይኸው ነው፡፡

ለዚህ የሚያስፈልገው አንዲት ገጽ ውል ናት፡፡ እንቁላሉ የተጣለበት ቀን በእርሳስ ይጻፍበት፤ ከሳምንት በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ ይቀንሳልና፡፡ በመንጋው ውስጥ አንድ አውራ ለስንት ሴት ዶሮ እንዳለ ይገለጽ፤ ለስምንት ወይም ለአሥር አንድ ቢሆን ይበጃል፡፡ መንጋው ስለ መከተቡና ስለ ጤንነቱ ማረጋገጫ ይያያዝ፡፡ የሻጩ ኃላፊነት የሚያበቃው መናኸሪያ ላይ ይሁን ወይስ ገዢው ደጅ፣ በግልጽ ይጻፍ፡፡ በሰባተኛው ቀን ዘር የለሽ ሆኖ የተገኘው ከተስማሙበት መጠን ካለፈ፣ ሻጩ ይተካ ወይም ገንዘብ ይመልስ፡፡ ማስረጃውም የስልክ ፎቶግራፍና የአንድ ገለልተኛ ሰው ፊርማ ይሁን፡፡

ገዢም ግዴታውን ይወጣ፡፡ እንቁላሉ እንደደረሰ ማሽን ውስጥ አይጨመርም፤ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ማሳረፍ ያስፈልጋል፡፡ አጓጓዡም ካርቶኑን ከሞተሩ አጠገብ ማስቀመጥ የለበትም፡፡ ለመፈልፈል የሚቀመጥ እንቁላል የሚስማማው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ነው፤ በመንገድ ላይ ከልክ በላይ ከሞቀ ፅንሱ ያለጊዜው ማደግ ይጀምርና ይሞታል፡፡

መንግሥትም ቢሆን ድርሻ አለው፡፡ የተረጋገጠ የበቆሎ ወይም የስንዴ ዘር ለገበሬ ሲሸጥ የብቅለት መጠኑ ተለክቶ ነው፡፡ እንቁላልስ የዶሮ ዘር አይደለም? የወረዳ የእንስሳት ባለሙያ በሰባተኛው ቀን ምርመራ ላይ ገለልተኛ ምስክር ሆኖ ቢቀርብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፡፡ ብድር የሚሰጡ ተቋማትም ለማሽኑ ገንዘብ ሲለቁ የእንቁላል ግዢ ውሉን አብረው ቢጠይቁ፣ የሚጠበቀው ወጣቱ ብቻ ሳይሆን የራሳቸው ገንዘብም ነው፡፡

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለው ብሂል ትዕግሥትን ያስተምራል፡፡ ያለ ውል፣ ያለ ቀንና ያለ ምስክር በአይሱዙ የተጫነ እንቁላል ግን ትዕግሥት ብቻውን በእግሩ አያስኬደውም፡፡ ስንት ጫጩት እንደተሰራጨ የሚቆጥሩ ሁሉ፣ ስንት እንቁላል እንደከሸፈና ዕዳውን ማን እንደከፈለም ቢቆጥሩ መልካም ነው፡፡