ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ይለካ

ብረት አይቃጠልም፤ ይህ እውነት ግን ብዙዎችን አዘናግቷል። ግለቱ ወደ 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ጥንካሬውን በግማሽ ገደማ ያጣል፤ መከላከያ ያልተደረገለት ቀጭን ምሰሶ ደግሞ በተቀጣጠለ ክፍል ውስጥ እዚህ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። የሚታደገው በሙቀት አብጦ ወፍራም የከሰል አረፋ የሚሆን ስስ ቀለም ነው። ቀለሙ ከሳሳ ነዋሪው የሚያመልጥበት ጊዜ አብሮ ያጥራል፤ ጉድለቱንም ኮርኒሱ ይሸፍነዋል።

አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ዘ ሄግ የቤት እጥረታቸውን ለማቃለል በነባር ሕንፃዎች ላይ ቀላል ፎቆችን መደረብ ይሻሉ። በሮተርዳም በ2012 በተጠናቀቀው ካሬል ዶርማን፣ በአሮጌ መደብር ላይ 16 ፎቆች በብረትና በእንጨት ተሠርተዋል። በዘዴው ላይ ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን በቁጥጥሩ ላይ ነው።

ሕጉ ከፍተኛው የመኖሪያ ወለሉ ከ13 ሜትር በላይ የሆነ አዲስ ሕንፃ ተሸካሚ አካሉ 120 ደቂቃ እሳትን እንዲቋቋም ያዝዛል። ይሁንና ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የጸናው የግንባታ ጥራት ሕግ ገለልተኛ አረጋጋጭን ያስገደደው በአመዛኙ ለነጠላ ቤቶችና ለአነስተኛ የንግድ ሕንፃዎች ነው። መቶ ቤተሰብ የሚያድርበት ፎቅ ቀረ! ደንብ በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን፣ በ2005 በስኪፖል እስር ቤት 11 ሰዎች ተቃጥለው ሲሞቱ ታይቷል፤ ሁለት ሚኒስትሮች ሥልጣን የለቀቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ግንበኞች ወጪና መዘግየትን ያነሣሉ። የቀለም ውፍረት ግን በእጅ በሚያዝ መሣሪያ፣ ቀለሙ ሳይፋቅ ይለካል። ማዘጋጃ ቤቶቹ ልኬቱ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲከናወን፣ መዝገቡም ለተከራዮች ማኅበር እንዲሰጥ ያስገድዱ።