ደርሱ በጋሞኛ ቢሆንስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አባያ ሐይቅ ላይ ጊዲቾ የምትባል ደሴት አለች። በዚህች አንዲት ደሴት ሁለት ቋንቋ ይነገራል። አንዱ ባይሶ ነው፤ ከኩሽ ወገን ሲሆን ከሶማልኛ ጋር ይዛመዳል። ሌላው ሐሮ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ጋሞኛ ከኦሞ ወገን ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ዘይሴ አለ። ወደ ጨንቻ ሲወጡ ጋሞኛው ራሱ ከደጋ ደጋ ይለያያል። ሱብሐነላህ! ሱረቱ ሩም 22ኛው አንቀጽ ላይ የቋንቋችን መለያየት ከሰማይና ከምድር መፈጠር ጋር አብሮ ከአላህ ምልክቶች ተቆጥሯል።

በሩቅ ባሕር ያለችው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ከ800 በላይ ቋንቋ አላት። ሕዝቦቿ ቶክ ፒሲን በሚባል የጋራ ቋንቋ ይግባባሉ፣ እርስ በርሳቸው ሲሆኑ ደግሞ በየራሳቸው ያወራሉ። ለአርባ ምንጭም አማርኛ እንዲሁ ነው፤ ገበያውን ያገናኛል፣ ጀመዓውንም ያገናኛል። ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎ የመጣው ሁሉ ደርስ የሚሰማው በእሱ ነው። በዚህ ክፋት የለም።

ነገር ግን አማርኛዋ ቅቤ ሸጣ ጨው ለመግዛት ብቻ የሚበቃ የጋሞ እናት፣ ስለ ጠሃራና ስለ ሶላት ሲነገር ምን ያህሉ ይደርሳታል? ልጇን "ኡስታዙ ምን አለ?" ብላ በጋሞኛ ስትጠይቀው፣ ልጁ ጓደኞቹ ፊት መመለስ ያፍራል። የሚያፍረው ስለሚቀለድበት ነው። "ዶርዜ" የሚለው የሕዝብ ስም በከተማ አፍ እንደ ስድብ ሲወረወር እንሰማለን። ሸማኔውን እየናቁ እሱ የሠራውን ጋቢ ለዒድ የሚደርቡ ሰዎች ይገርሙናል!

"አንድ ቋንቋ ብቻ ቢሆን ለአንድነት አይሻልም ወይ?" የሚሉ ወጣቶች አሉ። ከዚህ የቀለለውም ተሞክሯል። ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ በጣም የሚቀራረቡ ቋንቋዎች ናቸው። አራቱን ቀላቅሎ "ወጋጎዳ" የተባለ የትምህርት መጽሐፍ ሲመጣ፣ በ1992 ዓ.ም ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፉም ቀረ። ሰው ቋንቋውን ሲነኩበት እናቱን የነኩበት ያህል ነው።

በሌላ በኩል መስከረም 2011 ዓ.ምን አስታውሱ። ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው፣ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። የተመለሰው ያ ሳር ምን እንደሚል ከልጅነቱ ስለሚያውቅ ነው። እዚህ አገር ሰላምም ሆነ ዲን የሚገባው ሕዝቡ በሚያውቀው በር ነው።

"ጋሞኛ ለዲን የሚሆን ቃል የለውም" የሚለውንም ሰምተናል። አማርኛስ ነበረው እንዴ? ሶላት፣ ዘካ፣ ሐጅ እንዳሉ ነው የገቡት። የወሎ ዑለሞች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ በመንዙማ ሕዝቡን አስተማሩ፤ ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ የታተመው በ1961 ዓ.ም ነው። የትናንት ነገር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፣ እሱም በጥቂት ቀናት ለመደው። ሴቻና ሲቀላ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን ከጎረቤቱ ጋር ሃያ ዓመት ኖሮ በጋሞኛ ሰላምታ እንኳ አይመልስም!

ኹጥባው ላይ ዑለሞች የተነጋገሩበት ዝርዝር አለ፤ እሱን ለእነሱ እንተወው። የምንለው ስለ ደርስ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ውዱእ፣ ሶላት፣ አጫጭር ሱራዎች በጋሞኛ ይሰጡ፤ ሴቶችም የሚሰሙበት ቦታ ይዘጋጅ። ያኔ ጋሞኛ ተናጋሪው ልጅ ከጎን ቁጭ ብሎ የሚያስተረጉም ሳይሆን ፊት ተቀምጦ የሚያስተምር ይሁን። ትምህርቱ በድምፅ ተቀድቶ በቴሌግራም ቢላክ ቦንኬና ካምባ ድረስ ይደርሳል። ዘይሴም ተራውን ያገኛል፣ ኢንሻአላህ።

በየመስጂዱ ጋሞኛ አፉን የፈታበት፣ ቁርኣን የቀራ አንድ ወጣት አይጠፋም። የምታውቁት ካለ አነጋግሩትና እሺ ካለ ስሙን ከፊታችን ጁሙዓ በፊት ለመስጂዳችሁ ኮሚቴ አድርሱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ