ሁሉም «ሥቃይ» ነውን?

በክፍላችን ውስጥ የቃላት ደብተር የሌለው ተማሪ አይገኝም ለማለት እደፍራለሁ። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ በኩል የአማርኛው ፍች ይጻፋል። የራሴን ደብተር በቅርቡ ብገልጠው ፔይን ሥቃይ፣ ሰፈሪንግ ሥቃይ፣ አጎኒ ሥቃይ፣ ቶርቸርም ሥቃይ ሆነው ተሰልፈው አገኘኋቸው። አራት ቃላት ያጠናሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንዱን ቃል አራት ጊዜ ኖሯል ያጠናሁት።

ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ፔይን የተቃጠለ ጣት ወይም የተሰበረ እጅ የሚሰጠን ሕመም ነው። ኤክ ደግሞ ሳያቋርጥ የሚጠዘጥዘው የጥርስና የራስ ሕመም ነው። አጎኒ ሰውን የሚያንፈራግጥ ብርቱ ጣር ሲሆን፣ ቶርቸር ግን ሰው በሰው ላይ ሆን ብሎ የሚያደርሰው ነው። ሰፈሪንግ ከእነዚህ ሁሉ ይሰፋል፤ ረኀብም፣ ስደትም፣ የልጅ ሞትም ይገባበታል። ቁስሉ ድኖ ፔይኑ የተወው ሰው ሰፈሪንጉ ላይተወው ይችላል። በክረምት ጭቃ እየረገጡ ከሩቅ ቀበሌ ወደ ቦንጋ የሚመጡት ጓደኞቻችን ያለባቸውም ሃርድሺፕ እንጂ አጎኒ አይደለም።

ሰፈር የሚለው ግሥማ (ከእኛ ሰፈር ጋር ዝምድና የለውም) ጉድ ያለበት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ስለ ሕፃናት በሚናገረው ስፍራ፣ መፍቀድ ማለት ነው። በደብተራችን ፍች ብናነበው ጌታ ሕፃናቱ እንዲሠቃዩ ያዘዘ ይመስለናል! ፓሽንንም ብዙዎቻችን ብርቱ ፍቅር ብለን እናጠናዋለን። ሥሩ ግን መሠቃየት ማለት የሆነ የላቲን ቃል ስለ ሆነ እንግሊዞች የክርስቶስን ሕማም በዚሁ ቃል ይጠሩታል፤ በሽተኛ ማለት የሆነው ፔሸንትም የዚያው ሥር ልጅ ነው። እኛም ሕመምንና ሰሙነ ሕማማትን ከአንድ ሥር ማውጣታችን ያስደንቃል።

እንግዲህ አማርኛ ደኻ ስለ ሆነ ነው የሚል ቢኖር አልስማማም። ውጋት፣ ቁርጠት፣ ቁርጥማት፣ ፍልጠት፣ ጥዝጣዜ እያልን እንለይ የለምን? ደኻው ደብተራችን ነው።

ይህን ያስተዋልኩት በክፍል ውስጥ አይደለም። ባለፈው ዓመት አያቴን ወደ ጤና ጣቢያ ወስጃቸው ነበር። የሚያውቁት ካፊኖኖ ብቻ በመሆኑ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። እጃቸውን ከጎናቸው ወደ ጀርባቸው እየወሰዱ ብዙ ተናገሩ። እኔም «ጎናቸውን ያማቸዋል» ብዬ አሳጠርኩት። ሐኪሙ «ውጋት ነው? ቁርጠት ነው? ወይስ ያቃጥላቸዋል?» ብሎ ሲጠይቀኝ አፌ ተሳሰረ፤ አያቴ ይህን ሁሉ ቀድመው ነግረውኝ ነበርና። እኔ የጣልኩትን ሐኪሙ ከየት አምጥቶ በእንግሊዝኛ በካርዱ ላይ ይጽፈዋል? እያፈርኩ እንደገና ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ሳይቈጡ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩኝ።

ስለዚህ የእንግሊዝኛ መምህራኖቻችንን የምለምነው፣ በፈተና ላይ ቃሉን ከፍቹ ጋር አዛምዱ ከማለት ይልቅ በዓረፍተ ነገር እንድንጽፈው ያዙን ዘንድ ነው። ለማረም አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን የፊተኛውን ደብተር ትቼ ሌላ ጀምሬያለሁ፤ ፔይን ለሚለው ቃል ብቻ አንድ ገጽ ተኩል አልቋል።