«እግዜር ይስጥህ»

ባለፈው ታኅሣሥ ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ በጭላሎ ግርጌ በሚገኝ አንድ የስንዴ ማሳ ዳር ቆሜ ነበር። ኮምባይነሩ ሥራውን ጨርሶ፣ ኪራዩም እዚያው ተቆጥሮለት ሄዷል። ከጠዋት ጀምሮ ስንዴውን በማዳበሪያ ሲሞሉ፣ ሲሰፉና መኪና ላይ ሲጭኑ የዋሉ ስድስት ወጣቶች አቧራ ለብሰው ባለቤቱን ይጠብቃሉ። ባለቤቱ በጸሎትም በመዝሙርም የማይታማ፣ እኔም የማከብረው ሰው ነው። «ስንዴው ሲሸጥ፣ ሰኞ ኑ፤ እስከዚያ እግዜር ያውቃል» አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ «ጋሼ፣ ለዛሬ እራት እንኳ…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም።

የዚያን ዕለት ማታ በዚያው ሰው ቤት ተሰብስበን ስለ ክርስቲያናዊ ተስፋ ተማርን። ትምህርቱ መልካም ነበር። እኔም አሜን አልሁ። ይህን የምጽፈው ያ አሜን እስከ ዛሬ ስላልተዋጠልኝ ነው።

ውድ አንባቢ፣ አነጋገራችንን ልብ ብለኸው ታውቃለህ? ለማኙ «ስለ እግዚአብሔር» ብሎ ይለምነናል፤ እኛም «እግዜር ይስጥህ» ብለን እናሰናብተዋለን። በእግዚአብሔር ስም ይጠይቃል፤ በእግዚአብሔር ስም ይከለከላል። ሐዋርያው ያዕቆብ የተራበውን ወንድም በመልካም ምኞት ብቻ የሚሸኝ እምነት በድን መሆኑን ነግሮናል፤ ይህን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። በዚያው መልእክት መጨረሻ ግድም ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ሲሰበክ አልሰማሁም፤ ባለጠጎች ያስቀሩት የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ የጻፈውን። ለማኙ የእኛን ገንዘብ ይለምናል፤ የቀን ሠራተኛው ግን የሚጠይቀው የራሱን ነው። የሙሴ ሕግም የድሀው ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ያዝዛል። ሰኞ የሚል አላገኘሁበትም።

«ይህ ሕግ ነው፤ እኛ በጸጋ ሥር ነን» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ጸጋን ከእነርሱ ባላነሰ እወዳለሁ፤ ከእርሱ ውጭ የምቆምበት የለኝም። ነገር ግን ጌታ ራሱ ስለ ምሕረት ሲያስተምር ምሳሌውን ያመጣው ከሒሳብ ነው። እልፍ መክሊት የተማረለት ሰው፣ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀ። በወይኑ አትክልት ምሳሌ አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ዋጋ ነው፤ እንግዲህ የታነቀው ሰው ዕዳ የመቶ ቀን ጉልበት ነበር፣ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ምሕረቱን የሰረዘበት ግን የዕዳው ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን የተማረው ሰው እጅ አለመፈታቱ ነው። እኔም ልብሴን የምታጥብልኝን እናት ሁለት ጊዜ «ነገ» ብዬ መልሼ፣ በሁለቱም ቀን ስለ ጸጋ አንብቤያለሁ።

ነገሩ በአርሲ ምድር አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ ማብቂያ፣ በፈረንጆቹ 1967፣ በስዊድን ርዳታ ካዱ በሚል ስም የሚታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት አሰላን ማዕከል አድርጎ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር መጣ፤ ምርቱም ጨመረ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ይሁን እንጂ የስንዴን ትርፍ ያዩ ባለ መሬቶች ትራክተር አስገቡና፣ የእኩል ወይም የሲሶ እያረሰ ሲገብርላቸው የኖረውን ጭሰኛ ከነቤተሰቡ ከቀዬው አስነሡት። ከእነዚያ ባለ መሬቶች ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ዘመን በአገሪቱ ሰፊ መሬት ነበራት። «መሬት ላራሹ» ብለው በ1957 ዓ.ም. አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ናቸው፤ ጭሰኝነትን በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የሻረውም ወታደራዊ መንግሥት ነው። ያ መንግሥት ያፈሰሰውን ደም አልረሳሁም። ቢሆንም ጥያቄው ቀድሞ ከእኛ መድረክ መነሣት ነበረበት። እኛ ግን ለተነቀለው ጭሰኛ የሰማይን ርስት እንሰብክለት ነበር፤ የምድሩን ለራሳችን አስቀርተን።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በቂ እህል ላገኘ ሰው በዝናብ ካበቀለው አንድ አሥረኛውን ዘካ ብሎ ማውጣት ግዴታ መሆኑን ያውቃሉ። ሁሉም ይፈጽመዋል አልልም። በእኛም ኦሪት፣ በዘዳግም፣ የየሦስተኛው ዓመት አሥራት ለሌዋዊው፣ ለመጻተኛው፣ ለሙት ልጅና ለመበለቲቱ እንዲሰጥ ተጽፏል። ስለ አሥራት የሰማሁት ስብከት ብዙ ነው፤ ስለ ሦስተኛው ዓመት የሰማሁት ግን አንድም የለም።

ተስፋ ያለው ሰው ነገን አይፈራም፤ ነገን የማይፈራ ደግሞ ዛሬ የሌላውን ዋጋ በኪሱ አያሳድርም። የያዝነውን አጥብቀን የምንይዘው ስለ ትንሣኤ የምንዘምረውን ነገር በልባችን ስለምንጠራጠረው ይመስለኛል። ይህን ስል ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ በመጀመሪያ ያፈርሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ማሳ ዳር ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም።

ሰኞ ዕለት ከስድስቱ ወጣቶች አራቱ መጡ፤ ተከፈላቸው። ሁለቱ ከሩቅ ለሥራ የመጡ ነበሩና ወደ ሌላ ማሳ አልፈው ሄደዋል። በቅርቡ ባለቤቱን ስለ እነርሱ ጠየቅሁት።

«አልመጡም እኮ» አለኝ።