የአውራ ጣት ፊርማና የስልኩ «ተቀብያለሁ»

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ



በጎጃም ገጠር ማንበብ የማይችል ሰው መሬቱን ለማከራየት ወይም ገንዘብ ለመበደር ሲዋዋል የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጸሐፊው ውሉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ እማኞች ይሰማሉ፤ ባለጉዳዩም «እስቲ ያችን ድገምልኝ» ይላል፤ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ የሚፈርመው ከዚህ በኋላ ነው። ይህም ልማድ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ላይ፥ ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ያኖረው ፊርማም ሆነ የጣት ምልክት፥ ውል አዋዋይ ወይም መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር ሰውየውን እንደማያስገድደው ይደነግጋል። እንግዲህ ሕጉ የሚለን ምንድን ነው ያልን እንደሆነ፥ ነገሩ ያልገባው ሰው ጣቱን ስላሳረፈ ብቻ ተስማምቷል አይባልም ነው።

ዛሬ ግን በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ስልክ የያዘ ተማሪ አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት ከግርጌው ጽሑፍ ብቅ ይልበታል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ አጠገቡም ደማቅ ቀለም የተቀባ ትልቅ ቁልፍ አለ፤ ትርጓሜውም «ሁሉንም ተቀብያለሁ» ማለት ነው። ተማሪውም በዚያው በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ለመሆኑ የተቀበለው ምንድን ነው?

የተጠየቀው ስለ «ኩኪስ» ነው። ስሙ የኬክ ቤቱን ብስኩት ያስታውሳል፤ ነገሩ ግን አይበላም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. የኔትስኬፕ ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ያወጣው ዘዴ ሲሆን፥ ድረ ገጹ በእኛው ስልክ ውስጥ የሚያስቀምጠው አጭር የጽሑፍ ምልክት ነው። ልብስ ሰፊ ለጥምቀት ሲለካን ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠን የለምን? ተመልሰን ወረቀቷን ስናሳየው የማን ልብስ እንደ ሆነ ያውቃል። ኩኪስም እንዲሁ ነው፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ ድረ ገጹ ገጽ በቀየርን ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ እየቈጠረ የይለፍ ቃል ሲጠይቀን በዋለ ነበር። በዚህ የሚከፋ ሰው የለም።

ነገሩ የሚበላሸው ሦስተኛ ሰው ሲገባበት ነው። በቡሬ ገበያ በየሱቁ አንድ የማናውቀው ሰው ቆሞ፥ በርበሬ ስንጠይቅ ኪሳችን ውስጥ የራሱን ወረቀት ቢከት፥ ወደ ጨው ሻጩ ስንሄድም ያችኑ ወረቀት አይቶ «ይህ ልጅ ቅድም በርበሬ ጠይቋል» ብሎ በደብተሩ ቢጽፍ፥ ከዚያም ወደ መድኃኒት ቤት ቢከተለን ምን እንል ነበር? እነ ጉግልና ፌስቡክ፥ ሌሎችም የማስታወቂያ ኩባንያዎች እጅግ ብዙ በሆኑ ድረ ገጾች ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ባለ ሱቁም ዝም የሚለው ማስታወቂያው ገንዘብ ስለሚያስገባለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ማን ምን አገኝ ብሎ ይከተለኛል?» ይላሉ። የሚከተሉት ግን ትልቅ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ምን እንደሚወድ ማወቁ ለማስታወቂያ ስለሚጠቅም ነው። የእግር ኳስ ውጤት ሲያነብ የሰነበተ ልጅ የውርርድ ማስታወቂያ ከገጽ ገጽ ሲከተለው አይተን የለምን? ከዚህም በቀር የሚከታተለን መሣሪያ ራሱ ከገጹ ጋራ አብሮ የሚወርደው በእኛው ጥቅል ነው። በሜጋባይት እየቈጠርን ለምንገዛ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ትማሩ የለምን? አንብቡት» ይሉናል። ይህ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ከቁልፉ በስተጀርባ ያለው ጽሑፍ በሕግ ቋንቋ የተጻፈ ረዥም ሰነድ ስለሆነ፥ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩንም መምህር ቢሆኑ በየገጹ ቆመው ሊያነቡት ጊዜ የላቸውም። ደግሞስ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር፥ የተጠማ ሰው ውሃው ሲመጣለት ጽዋውን አያገላብጥም። ይልቁንም አብዛኞቻችን 18 ዓመት ስላልሞላን በራሳችን ፊርማ መሬት ልናከራይ አንችልም፤ ቁልፉ ግን ዕድሜያችንን አይጠይቅም።

በአውሮፓ ይህ ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ፈቃድ ተብሎ እንደማይቈጠር ፈረደ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጉግልን 150 ሚሊዮን፥ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ ስለ ምን ቢሉ፥ «እሺ» ለማለት አንድ ጊዜ መጫን ሲበቃ «እምቢ» ለማለት ግን ብዙ ጊዜ መጫን ያስፈልግ ስለነበረ ነው። ታዲያ ብዙ ድረ ገጾች ጥያቄውን የሚያቀርቡት አውሮፓ ላለ ሰው ብቻ ነው፤ የእኛን አገር ሰው ጭራሽ ሳይጠይቁ ይከተሉታል። እኔን ከሁሉ የከነከነኝ ይህ ነው።

እኛም ሕግ የለንም አይባልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አስፈጻሚነቱም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። በእኔ አስተያየት ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ሊያስገድድ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም የኢትዮጵያን ሰው የሚከታተል ድረ ገጽ ፈቃዱን በሚያነበው ቋንቋ በአጭር ቃል እንዲጠይቀው፥ «አልፈቅድም» የሚለውም ቁልፍ ከ«ተቀብያለሁ» እኩል እንዲሰፋ ነው። ጉግል የመፈለጊያ ገጹን በአማርኛ ካቀረበ፥ ፈቃድ መጠየቂያውን በአማርኛ መጻፍ ለማንም ኩባንያ ሊሳነው አይችልም።

እስከዚያው ድረስ ክሮም በሚባለው መክፈቻ የምትጠቀሙ ሁሉ፥ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ ወደ ማስተካከያው ግቡና የሦስተኛ ወገን ኩኪስን የሚከለክለውን ምረጡ። ሥራው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ አንዳንድ ድረ ገጽ ግን ቅር ብሎት አልሠራም ሊላችሁ ይችላል።