አስገዳጅ ፍርድ ያለ ንባብ ዘዴ፦ ከአሜሪካ የሕግ ሥርዓት ያልወሰድነው

አንድ የአጋሮ ቡና ነጋዴ በጅማ ከተማ፣ አወቱ መንደራ፣ ቤት ገዛ እንበል። ውሉ በምስክሮች ፊት ተፈርሟል፤ ገንዘቡም ተከፍሏል። ሆኖም ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት አልተደረገም። የቤት ዋጋ ሲንር ሻጩ «መሸጡን ሸጫለሁ፤ ውሉ ግን በሕግ ፊት አይጸናም» ሲል ተከራከረ። ጉዳዩን የሚያየው ዳኛ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 ከማንበብ በተጨማሪ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠውን ትርጉም መፈለግ አለበት። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ዳኛው ያንን ትርጉም እንዴት ማንበብ ይገባዋል የሚል ነው።

የሕግ ሥርዓታችን መሠረት የተጻፈ ኮድ ነው። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን አርቅቀዋል። በዚህ የአህጉራዊ አውሮፓ ልማድ ሕግ የሚመነጨው ከሕግ አውጪው ሲሆን፣ ፍርድ በመርህ ደረጃ የሚያስረው ተከራካሪዎቹን ብቻ ነው። ከእንግሊዝ በተወረሰው የአሜሪካ ኮመን ሎው ግን የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ለበታቹ ፍርድ ቤት ራሱ የሕግ ምንጭ ነው። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች በተሰየሙበት ሰበር ችሎት የሚሰጥ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ በመደንገጉ ወደዚህ ልማድ አቀረበን። አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም መርሁን አስቀጥሏል።

በእኔ እምነት የወሰድነው አስገዳጅነቱን እንጂ የንባብ ዘዴውን አይደለም። በአሜሪካ ፍርድ ውስጥ የሰፈረ ቃል ሁሉ አያስገድድም። የሚያስገድደው የቀረበውን ፍሬ ነገር ለመወሰን አስፈላጊ የነበረው ምክንያት ነው፤ በማለፍ የተነገረው ቢበዛ ያሳምናል። ስለዚህ ዳኛው አስቀድሞ የሁለቱን ጉዳዮች ፍሬ ነገር ያነጻጽራል፤ መሠረታዊ ልዩነት ካገኘም ልዩነቱን በጽሑፍ አብራርቶ የቀደመውን ፍርድ ሳይከተል ሊወስን ይችላል።

የዚህ ዘዴ መጓደል በአንቀጽ 1723 ጉዳይ በግልጽ ይታያል። ሰበር ችሎቱ በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በተጠቀሰው አካል ፊት ካልተደረገ እንደማይጸና ወሰነ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ተዋዋዮቹ ውሉን ካልካዱ በዚህ ጉድለት ብቻ ሊፈርስ እንደማይገባ ተረጎመ። በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል፣ ሻጩ መሸጡን እያመነ ገዢው የተረታ እንደሆነ፣ ያ ገዢ ምን ይበል? የበታች ዳኛ የመዝገብ ቁጥር ጠቅሶ ከማለፍ ይልቅ «እዚህ ውሉ አልተካደም» ብሎ ልዩነቱን የመመርመር ልምድ ቢኖረው፣ ሁለተኛውን ውሳኔ መጠበቅ ባላስፈለገ ነበር።

የአስገዳጅ ትርጉም ዓላማ ወጥነት ነው፤ ማነጻጸር ከተፈቀደ ዳኞች ያልወደዱትን ፍርድ ማምለጫ ያደርጉታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በጽሑፍ የተብራራ ልዩነት በይግባኝ ሊመረመር ይችላል፤ የተለያዩ ፍሬ ነገሮችን በአንድ ቁጥር መጨፍለቅ ግን ወጥነት ቢመስልም ፍትሕ አይደለም።

በመሆኑም ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። በታተሙት የሰበር ቅጾች እያንዳንዱ አስገዳጅ ትርጉም ከተወሰነበት ፍሬ ነገር ጋር ተጣምሮ ይቅረብ። በአማርኛ የሚጻፉት ውሳኔዎች፣ የሥራ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ለሆነው የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ተተርጉመው ይድረሱ። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ፍርድን ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ አድርገው ያስተምሩ። አበው በፍርድ ከሄደች በቅሎ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ታሳዝናለች ይላሉ። ቤቱን ያጣ ሰውም ቢያንስ የእርሱ ጉዳይ ተነብቦ እንደተረታ ማወቅ ይገባዋል።